ስለ ሙዚቃ ከጻፉ ሰዎች ጋር ጥሩ ጭውውት እንዴት ይደረጋል?

ስለ ሙዚቃ መጽሐፍ የጻፈ ሰው ማነጋገር ቀላል ይመስላል። ደራሲው ጉዳዩን ይወዱታል፣ እናንተም ትወዱታላችሁ፣ ወሬ አይጠፋም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። እሳቸው ለዓመታት የሰሙትን ድምፅ ወደ ቃል ቀይረው መጽሐፍ አድርገውታል። እናንተ ደግሞ ስለ መጽሐፉ ትጠይቃላችሁ። ለአድማጩ የሚደርሰው ስለ ቃል የተወራ ቃል ይሆናል። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዘፈን ተወርቶ አንድ ምት እንኳ ሳይሰማ ያልቃል።

ስለዚህ እዚህ ያለው እርምጃ ሁሉ የሚሄደው ወደ አንድ ነገር ነው፤ ደራሲውን ከመጽሐፉ ገጽ ወደ ሰሙት ድምፅ ወይም ወዳዩት እንቅስቃሴ መመለስ። ለፖድካስት፣ ለሬዲዮ፣ ለመድረክም ሆነ ለጽሑፍ ይሠራል። ስለ ዳንስ፣ ስለ ፊልም ሙዚቃና ስለ ሙዚቃ መሣሪያ የጻፉ ሰዎችንም ይመለከታል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

አንደኛ፦ መጽሐፉን መምረጥ

ደራሲው ዝነኛ መሆን የለባቸውም። መጽሐፉን መሀል ላይ ክፈቱና ሦስት አራት ገጽ አንብቡ። አንድ የተወሰነ ቅጂ፣ አንድ የተወሰነ ምሽት፣ አንድ የጣት አጣጣል በዝርዝር የተገለጸበት ቦታ ካገኛችሁ ጭውውት ይወጣዋል። ገጹ ሁሉ "ታላቅ"፣ "ድንቅ"፣ "ዘመን አይሽሬ" በሚሉ ቃላት ከተሞላ ግን ደራሲው ፊት ለፊትም ቢገኙ ከዚያ የተለየ አይነግሯችሁም። እለፉት።

ሁለተኛ፦ አንዴ በእርሳስ፣ አንዴ በጆሮ ማንበብ

መጀመሪያ እርሳስ ይዛችሁ ከዳር እስከ ዳር አንብቡ። መግቢያውንና የጀርባ ሽፋኑን ብቻ አይቶ የሚመጣ ጠያቂ በሦስተኛው ጥያቄ ይነቃበታል። በቺካጎ ደብሊው.ኤፍ.ኤም.ቲ. በተባለው ሬዲዮ ከ1952 እስከ 1997 የሠራው ስተድስ ተርክል የእንግዶቹን መጽሐፍ እያሰመረና ጠርዙ ላይ እየጻፈ በማንበብ ይታወቅ ነበር። የራሳቸውን መጽሐፍ ተሰምሮበትና ተጣጥፎ እጃችሁ ላይ ሲያዩ ደራሲው ዘና ይላሉ። የተነበበ ሰው ሌላ ነው።

ሁለተኛው ንባብ በጆሮ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይህን ነው፣ እኔ ግን ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን ሁሉ ቀንሳችሁ ይህን እንድታደርጉ እመክራለሁ። አንድ ወረቀት ለሦስት ክፈሉት። አንዱ ላይ ገጹን፣ ሁለተኛው ላይ ደራሲው ሰማሁ ያሉትን፣ ሦስተኛው ላይ ያ ድምፅ በቅጂው ስንተኛ ደቂቃ ላይ እንዳለ ጻፉ።

ለምሳሌ ደራሲዋ "እዚህ ላይ ከበሮው ትንሽ ይዘገያል፣ ዘፋኟ ግን አትጠብቀውም" ብለው ጽፈዋል እንበል። ዘፈኑን ክፈቱና በሄድፎን ስሙት። መዘግየቱን ካገኛችሁት ደቂቃውን ያዙ። ካላገኛችሁትም አትደንግጡ፣ ምናልባት ከሁሉ የተሻለው ጥያቄ እሱ ነው። "ደጋግሜ ሰማሁት፣ መዘግየቱ ግን አልያዘልኝም። የት ጋ ልስማ?" ብላችሁ ብትጠይቁ ደራሲዋ ገለጻ ማድረግ ትተው ማሰማት ይጀምራሉ። አድማጩም ከእናንተ ጋር አብሮ ይማራል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ደራሲው የሰሙትና እናንተ የከፈታችሁት ቅጂ አንድ መሆኑን አረጋግጡ። አንድ ሙዚቀኛ አንዱን ዘፈን ስቱዲዮ ውስጥ፣ መድረክ ላይ፣ ከዓመታት በኋላም እንደገና ሊቀዳው ይችላል። የድሮ ሸክላ ከሆነ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ አጠያያቂ ነው። በቀድሞው ዘመን ሸክላ ሁሉ በደቂቃ ልክ 78 ዙር አይቀዳም ነበር። ወደ ዲጂታል ሲገለበጥ ፍጥነቱ ከተዛባ የዘፋኙ ድምፅ ይቀጥናል ወይም ይወፍራል፣ ቅኝቱም ከፍ ወይም ዝቅ ይላል። ደራሲው "ድምፁ እንዲህ ከፍ የሚል ዘፋኝ አልነበረም" ብለው ከሆነ የትኛውን ግልባጭ እንደሰሙ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛ፦ ግብዣውን መጻፍ

አጭር ይሁን። ማን እንደሆናችሁ፣ ጭውውቱ የት እንደሚወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደሚወስድ፣ ከመጽሐፉ ደግሞ አንድ የተወሰነ ነገር። "መጽሐፍዎን በጣም ወድጄዋለሁ" ማንም ይጽፋል። "አራተኛው ምዕራፍ ላይ ስለ ሁለተኛዋ ቫዮሊን የጻፉትን ይዤ ቅጂውን መልሼ ሰማሁት" የሚለውን የሚጽፈው ያነበበ ሰው ብቻ ነው። አድራሻቸው ከሌላችሁ በአሳታሚው በኩል ሂዱ፤ ትልልቆቹ አሳታሚዎች ለዚሁ የተመደበ ሰው አላቸው።

ጥያቄዎቹን ቀድሞ መላክ ላይ ሰው ሁሉ የየራሱ አቋም አለው። እኔ የምታሰሟቸውን ቅጂዎች ዝርዝር ላኩ፣ ጥያቄዎቹን ግን አትላኩ እላለሁ። ዝርዝሩ ጆሯቸውን ያዘጋጅላቸዋል፣ የተላከ ጥያቄ ግን የተሸመደደ መልስ ይዞ ይመጣል። በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የማይናገሩ ከሆነና ከጠየቋችሁ ላኩላቸው። ከመውጣቱ በፊት ልስማው ካሉም የስምና የዓመት ስሕተት እንዲያርሙ ፍቀዱ፤ የተናገሩትን የማስቀረት ሥልጣን ግን ከመጀመሪያው አትስጡ። ይህን አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት በኋላ ከሚመጣ ቅያሜ ያድናል።

አራተኛ፦ ጥያቄ ማዘጋጀት

"ሙዚቃ ለእርስዎ ምንድን ነው?" ብላችሁ አትጀምሩ። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ መልሱም ይበተናል። ከትንሽና ከሚጨበጥ ነገር ተነሱ፤ ትልቁ ሐሳብ ራሱ ይመጣል።

አንዱ ጥሩ መንገድ ከድምፁ ጀርባ ያለውን ተጨባጭ ምክንያት መጠየቅ ነው። በደቂቃ 78 ዙር የሚዞረው ባለ 10 ኢንች ሸክላ በአንድ ገጹ የሚይዘው 3 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነበር። ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ በ1948 ረጅሙን ሸክላ ሲያወጣ አንዱ ገጽ ከ20 ደቂቃ በላይ መያዝ ቻለ። ስለ ጃዝ ታሪክ የጻፉ ደራሲን "የጃዝ ዕድገት እንዴት ይታያል?" ብትሏቸው አንድ ንግግር ትሰማላችሁ። "ይህ ሰው በ3 ደቂቃ የሚያልቅ ሶሎ ሲጫወት ኖሮ በድንገት 20 ደቂቃ ሲሰጠው ምኑ ተለወጠ? የትኛው ቅጂ ላይ ይሰማል?" ብትሏቸው ግን ተነሥተው ቅጂ ይፈልጋሉ።

ሁለተኛው፣ ከልቤ የምቆምለት ጥያቄ "ይህን ከምን አወቁት?" የሚለው ነው። ጠያቂዎች ድፍረት እንዳይመስል እየፈሩ ይተዉታል። ግን የሙዚቃ ታሪክ ራሱ ለምን እንደሚያስፈልግ ያሳያል። ቤትሆቨን መስማት እየተሳነው ሲሄድ ከ1818 ጀምሮ ሊጠይቁት የሚመጡ ሰዎች የሚሉትን ደብተር ላይ ይጽፉለት ነበር። ሲሞት ደብተሮቹ በጸሐፊነት ያገለግለው በነበረው በአንቶን ሺንድለር እጅ ገቡ። ሺንድለር በ1840 የቤትሆቨንን ታሪክ አሳተመ፣ ብዙ ጸሐፊዎችም እሱን እያመኑ ጻፉ። በ1977 ተመራማሪዎች ደብተሮቹን በቅርበት ሲመረምሩ ሺንድለር ቤትሆቨን ከሞተ በኋላ የራሱን ቃል እየጨመረ እንደነበር ይፋ ሆነ። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሰው ሲጠቅሰው የኖረው ጭውውት በከፊል ያልተደረገ ነበር። ስለዚህ ደራሲው አንድ የሚጥም ታሪክ ሲነግሯችሁ ምንጩን ጠይቁ። ደብዳቤ ነው? የዓይን ምስክር ነው? ከ40 ዓመት በኋላ የተነገረ ትዝታ ነው? ጎበዝ ደራሲ በዚህ ጥያቄ አይከፋም። እንዲያውም መዝገብ ቤት የቆየባቸውን ቀናት ማንም ስለማይጠይቀው ደስ ይለዋል።

ስለ ዳንስ ከሆነ ጥያቄው ይበልጥ ይከብዳል፣ ይበልጥም ይጣፍጣል። ሙዚቃ በኖታ ይቀመጣል፣ እንቅስቃሴ ግን ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ኢጎር ስትራቪንስኪ "የጸደይ በዓል" ለተባለው ባሌ የጻፈው ሙዚቃ ፓሪስ ውስጥ ሜይ 29 ቀን 1913 ለመጀመሪያ ጊዜ ከተሰማ ወዲህ በየአገሩ ሲጫወት ኖሯል። ቫስላቭ ኒጂንስኪ የፈጠረለት ዳንስ ግን ጥቂት ጊዜ ብቻ ታይቶ ጠፋ። በ1987 ጆፍሪ ባሌ የተባለው የአሜሪካ የዳንስ ቡድን መልሶ ሲያሳየው የዳንስ ተመራማሪዋ ሚሊሰንት ሆድሰን ከንድፍ ሥዕሎች፣ በኖታ ጠርዝ ላይ ከተጻፉ ማስታወሻዎችና ከምስክሮች ቃል እየለቃቀመች ነው ያቀናበረችው። የዳንስ ታሪክ ጸሐፊ ስታገኙ "ይህ እርምጃ ከየት መጣ? የቱ ተገኘ፣ የቱ ተገመተ?" በሉ። አንድ ሰዓት አይበቃችሁም።

ሦስተኛው፣ የሙያ ቃል ሲመጣ ማብራሪያ ከመጠየቅ "እስቲ ያሳዩን" ማለት ነው። ደራሲው "ሦስት በሁለት" ስለሚባለው ምት ቢያወሩ ማንም ያልተማረ ሰው አይከተላቸውም። ጠረጴዛው ላይ በቀኝ እጃቸው ሦስት እኩል ምት፣ በግራቸው በዚያው ጊዜ ውስጥ ሁለት እኩል ምት ቢመቱ ግን አድማጩ ወዲያው ይገባዋል። ሁለቱ እጆች መጀመሪያው ላይ አብረው ያርፋሉ፣ ከዚያ ይለያያሉ፣ ዙሩ ሲያልቅ እንደገና ይገናኛሉ። ስለዚህ ጠረጴዛውን ባዶ አድርጉላቸው።

ለአንድ ሰዓት ከአሥር እስከ አሥራ ሁለት ጥያቄ በቂ ነው። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን በቃላችሁ ያዙ፣ የመሀሉን እንደ ወሬው አካሄድ አዘዋውሩት።

አምስተኛ፦ ሙዚቃውን ለማሰማት ፈቃድ

ይህ ክፍል ደረቅ ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም። አንድ ቅጂ ውስጥ ቢያንስ ሁለት መብት አለ። አንዱ የዜማውና የግጥሙ ነው፣ ሌላው የተቀዳው ድምፅ። ባኽ የሞተው በ1750 ስለሆነ ሙዚቃው የማንም አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ፒያኖ ተጫዋች የቀዳው የባኽ ሥራ ግን ባለቤት አለው።

"እስከ 30 ሰከንድ ነፃ ነው" የሚባለውን እርሱት። እንዲህ ያለ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። በ1886 የተፈረመው፣ ስለ ደራሲዎችና አርቲስቶች መብት የሚደነግገው ዓለም አቀፍ የበርን ስምምነት በ10ኛው አንቀጹ በሕጋዊ መንገድ ለሕዝብ ከቀረበ ሥራ መጥቀስን ይፈቅዳል። ጥቅሱ ግን ከመልካም አሠራር ጋር የሚስማማና ለዓላማው ከሚያስፈልገው ያልበለጠ መሆን አለበት፤ ምንጩና የባለሥራው ስምም ይገለጻል። ዝርዝሩን የየአገሩ ሕግ ይወስናል። ስለዚህ ያለፈቃድ የምታሰሙት ቅንጭብ አጭር ይሁን፣ እናንተና ደራሲው በቀጥታ የምትነጋገሩበት ይሁን፣ ለማጀቢያ ብቻ አይግባ። እንደዚያም ሆኖ ቪዲዮና ድምፅ የሚጫንባቸው አገልግሎቶች በራሳቸው መለያ ዘዴ ሊያግዱት ይችላሉ። ከባለመብቱ በጽሑፍ የተገኘ ፈቃድ ካለ ሁሉም ይቀላል።

ፈቃድ ካልተገኘ ደራሲው ዜማውን ያንጎራጉሩ ወይም ምቱን በእጃቸው ያሳዩ። አድማጩ ራሱ ከፍቶ እንዲሰማ ደግሞ የቅጂውን ሙሉ ስምና ደቂቃውን ንገሩት።

ስድስተኛ፦ ክፍሉና መቅጃው

በ1938 የሕዝብ ሙዚቃ ሰብሳቢው አላን ሎማክስ የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹን ጄሊ ሮል ሞርተንን ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት፣ ኩሊጅ አዳራሽ ውስጥ ፒያኖ ፊት አስቀምጦ ቀዳው። ሞርተን ያወራል፣ ጣቶቹ ደግሞ ከሥር ይጫወታሉ። የዜማ ደራሲውን የስኮት ጆፕሊንን "ሜፕል ሊፍ ራግ" የተባለ የፒያኖ ሥራ አንዴ በሴንት ሉዊስ ሰዎች አጨዋወት፣ አንዴ በራሱ አጨዋወት ተጫውቶ ልዩነቱን አሳየ። ያንን ልዩነት በቃል ብቻ ቢያስረዳ ኖሮ ዛሬ ማን ይረዳው ነበር? ደራሲያችሁ መሣሪያ የሚነኩ ከሆነ መሣሪያው ክፍሉ ውስጥ ይኑር። ጎበዝ ተጫዋች ባይሆኑም ግድ የለም።

ለድምፅ ጥራት የሚያስፈልገው ያን ያህል አይደለም። መጋረጃ፣ ምንጣፍና መጽሐፍ መደርደሪያ ያለበት ክፍል ከባዶ ትልቅ ክፍል ይሻላል፣ ድምፅ አያስተጋባም። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፣ ትንሽም ወደ ጎን ዘንበል ይበል። ለመሣሪያው ሌላ ማይክ አድርጉ። ዋቭ ፋይል፣ 48 ኪሎኸርዝ፣ 24 ቢት ምረጡ። ሲያወሩ ከፍተኛው ድምፅ በመቅጃው መለኪያ ላይ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል አካባቢ ይሁን፣ ድንገት ሲስቁ ወይም ሲያጨበጭቡ እንዳይሰነጠቅ። ሁለታችሁም ሄድፎን አድርጉ፣ አለበለዚያ የምታሰሙት ሙዚቃ በማይኩ ተመልሶ ይገባል። ስልኮች ይጥፉ። ከመጀመራችሁ በፊት ማንም ሳይናገር ግማሽ ደቂቃ የክፍሉን ዝምታ ቅዱ፣ ኤዲት ስታደርጉ ትፈልጉታላችሁ።

በኢንተርኔት የምትነጋገሩ ከሆነ አንድ ወጥመድ አለ። የቪዲዮ ጥሪ ፕሮግራሞች የተሠሩት ለንግግር ስለሆነ ሙዚቃን እንደ ረብሻ ቆጥረው ያፍኑታል። ደራሲው ክራር ቢመቱ ወይም ቫዮሊን ቢነኩ ድምፁ እየተቆራረጠ ይጠፋል። ማጣሪያውን አጥፉ። ዙም ላይ ለምሳሌ "ኦሪጅናል ሳውንድ" የሚል ምርጫ አለ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ሁለታችሁም በየበኩላችሁ ራሳችሁን ቀድታችሁ በኋላ ማገጣጠም ነው። ሲጀመር አንድ ጊዜ አብራችሁ አጨብጭቡ፣ ሁለቱን ፋይል በዚያ ታስተካክሉታላችሁ።

ሰባተኛ፦ ጭውውቱ

በማንበብ ጀምሩ። ደራሲው ግማሽ ገጽ ያንብቡ፣ ገጹን ግን እናንተ ምረጡት፤ አንድ ድምፅ የተገለጸበት ይሁን። ወዲያው ቅንጭቡን አሰሙ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡት። አድማጩ መጀመሪያ ቃሉን ሲሰማ በምናቡ አንድ ድምፅ ይሠራል፣ ከዚያ እውነተኛው ሲመጣ ያነጻጽራል።

ሙዚቃው ሲያበቃ አትናገሩ። ሦስት አራት ሰከንድ ይለፍ። ጀማሪ ጠያቂ ይህን ዝምታ ይፈራዋል፣ ቶሎ "ዋው፣ በጣም ደስ ይላል" ብሎ ይሞላዋል። ደራሲው የሚሉትን የሚፈልጉት ግን በዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። ካልጀመሩ "አሁን ሲሰሙት ጆሮዎ መጀመሪያ የት ሄደ?" በሏቸው። "አሁን" የምትለዋ ትጠቅማለች። ከስንት ዓመት በፊት የጻፉትን ከማስታወስ አሁን ወደሚሰሙት ታመጣቸዋለች። አንዳንዱ ደራሲ "ይህን ስጽፍ ይህንን ባስ አልሰማሁትም ነበር" ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ነገር ከመጣ የቀረውን ጥያቄ ለጊዜው ተዉትና "እስቲ ደግመን እንስማው" በሉ።

መጽሐፍ ሲያስተዋውቁ የከረሙ ደራሲዎች የለመዱት ንግግር አላቸው። ድምፃቸው አንድ ወጥ ሲሆንና ዓረፍተ ነገሩ ሁሉ የተሟላ ሲሆን ታውቁታላችሁ። አታቋርጧቸው። ትንፋሽ ሲወስዱ ገጹን ጥሩና ጠይቁ፤ "ገጽ 80 ላይ ግን ዘፋኙ ቀረጻውን ጥሎ ወጣ ብለዋል። በምን ቃል ላይ ነው ያቆመው?"

የማትስማሙበት ነገር ካለ በአክብሮት ተናገሩት። "ይቅርታ፣ እኔ ይህን ክፍል ስሰማ ያዘነ አልመሰለኝም፤ እርስዎን ያዘነ ያሰኘዎት ምኑ ነው?" ጥያቄው ሰውየውን ሳይሆን ድምፁን ስለሚመለከት ማንም አይቀየምም። ደራሲው በሕይወት ስላለ ሙዚቀኛ የግል ነገር ማውራት ከጀመሩ ግን ተጠንቀቁ። መጽሐፉ ውስጥ ከነምንጩ ያልወጣ ክስ በእናንተ ማይክ አይውጣ።

ስምንተኛ፦ ኤዲት

"እምም" እና ድግግሞሽ ይቆረጥ። ከሙዚቃው በኋላ ያለው ዝምታ አይቆረጥ። ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ለሌላ ጥያቄ አይቀጠል፤ ይህ ለድርድር አይቀርብም።

የራሳችሁን ጥያቄ አውጥታችሁ መልሱን ብቻ የማስቀረት ፈተና ይመጣል። የቤትሆቨንን ደብተሮች አስታውሱ። ጎብኚዎቹ ይጽፋሉ፣ እሱ ግን ብዙውን ጊዜ በአፉ ስለሚመልስ መልሱ የለም። አንባቢው እስከ ዛሬ ግማሹን እየገመተ ነው የሚያነበው። ጥያቄውን ማሳጠር ይቻላል፣ መኖር ግን አለበት።

በጽሑፍ የምታወጡት ከሆነ ድምፁ የት እንደገባ በቅንፍ አመልክቱ። [ጠረጴዛውን በሁለት እጃቸው ይመታሉ] ወይም [ከ1፡14 እስከ 1፡32 ሰማን] ማለት ይበቃል። የሰው ስም፣ የቅጂ ዓመትና የመሣሪያ ስም አንድ በአንድ ይጣራ። ደራሲም በንግግር ላይ ዓመት ይስታል፤ ስሕተቱን ካገኛችሁ ነግራችኋቸው በአጭር ማስታወሻ አርሙት።

ዘጠነኛ፦ ማውጣትና ማስቀመጥ

ከጭውውቱ ሥር የተሰሙትን ሥራዎች በሙሉ ዘርዝሩ፤ የዜማውን ደራሲ፣ ተጫዋቹን፣ የተቀዳበትን ዓመትና ያሳተመውን ድርጅት። አቀናባሪውንና አጃቢዎቹን አትርሱ፣ ስማቸው ሁልጊዜ የሚቀረው የእነሱ ነው። ለደራሲው ሊንኩን በወጣበት ዕለት ላኩላቸው።

ያልተቆረጠውን ሙሉ ቅጂ አትሰርዙ። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አስቀምጡት። ፋይሉ አጠገብ ማን እንደተናገረ፣ መቼና የት እንደተቀዳ፣ የትኛው ቅጂ እንደተሰማና ምን ፈቃድ እንደተገኘ የሚገልጽ አንድ ገጽ ጽሑፍ ይኑር። ደራሲው ከፈቀዱ አንድ ግልባጭ ለቤተ መጻሕፍት ወይም ለሙዚቃ መዝገብ ቤት ስጡ፤ ፈቃዱን ግን በዚያው በቅጂው ቀን ጠይቁና አስፈርሙ።